የተወረሱት ሁለት ፕሮሰሰሮች

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ኮንትሮባንድ ይዘሻል ተብዬ ተይዣለሁ። ድሬ ዳዋ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ብዙም የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። የእኔን ልዩ የሚያደርገው የተያዘብኝ ዕቃ በዓለም ላይ የሌለ ዕቃ መሆኑ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሳቄ ስለሚቀድመኝ ሰው ፊት ጀምሬ ጨርሼው አላውቅም። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። እዚህ ብስቅም አታዩኝም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ገደማ። ነጃት እባላለሁ። ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ፣ ቀጭን፣ አፈኛ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሐሊማ በባቡር እየተመላለሰች ሻሽና ሽርጥ ከድንበር ወዲያ የምታመጣ፣ ቀፊራ ገበያ የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። ፈታሽ ፖሊሶቹን፣ እኛ ፊናንስ የምንላቸውን፣ እንደ ጅብ ትፈራ ነበር። እኔን ግን "አንቺ ፊናንስ የማትፈሪበት ሥራ ያዢልኝ" ብላ አስተማረችኝ። ተማርኩላት። ወደ አንድ ወዳጅ አገር ለኮምፒውተር ሥልጠና ተልኬ ተመለስኩና ስሙን የማልጠራው አንድ የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠርኩ። አንድ መጥፎ ጠባይ ነበረኝ፦ ስፈራ እስቃለሁ። ሰው ሲፈራ ያለቅሳል ወይም ይሸሻል፤ እኔ ግን እንደ ሞኝ እስቃለሁ።

የኮምፒውተራችን ክፍል በድሬ ሙቀት ውስጥ ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት ብቸኛው ክፍል ስለነበር የማይመለከተው ሰው ሁሉ ጉዳይ ፈጥሮ ይመጣ ነበር። ማሽኑ ሁለት ፕሮሰሰር ነበረው። ፕሮሰሰር ማለት የማሽኑ አሳቢ ክፍል ነው፤ ሁለት ካለው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያስባል። በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ጉደኛ ፕሮግራም ተጭኖበታል። ይህ ፕሮግራም አንዱን ማሽን ለብዙ ሰው ያካፍልና እያንዳንዱን ሠራተኛ "ይህ ማሽን የግልህ ነው" እያለ ያሳምነዋል። ገንደ ቆሬ ሰፈር የተከራየንበት ግቢ አንድ ቧንቧ ነበረው። ባለቤቷ አዴ ፋጡማ ለእያንዳንዱ ተከራይ "ቧንቧው ያንተ ነው፣ እንደልብህ ቅዳ" እያለች ነው የምታከራየው። ሰዓቱን እሷ ስለምታውቅ ሁሉም ሲቀዳ ብቻውን ያገኘዋል። የእኛም ፕሮግራም እንደ አዴ ፋጡማ ነው። እኛ ሠራተኞቹ "አስመሳዩ" እንለው ነበር።

አስመሳዩ ያለ ምክንያት አልነበረም። የመጋዘኑ ሥራ የሚሠራው ለድሮው ማሽን በተጻፈ አሮጌ ፕሮግራም ነው። ይህ አሮጌ ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን "መለያ ቁጥርህ ስንት ነው? ስንት ፕሮሰሰር አለህ?" ብሎ ይጠይቃል። የድሮውን ማሽን ቁጥርና "አንድ" የሚል መልስ ካልሰማ አልሠራም ይላል። የድሮው ማሽን ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ እኔ በማለዳ እየገባሁ አስመሳዩን "ሲጠይቅህ የሟቹን ቁጥር ንገረው፣ አንድ ነኝም በለው" እለዋለሁ። ሽማግሌው ፕሮግራም ይረካና ሥራውን ይጀምራል። ሁላችንም እንዲሁ በሰላም እንኖር ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አለቃዬ አቶ ዳንኤል ላብ በላብ ሆነው ገቡ። ከኋላቸው ከዋና ከተማ የመጡ የፓርቲ ሰው፣ ጓድ ሽመልስ፣ ወረቀት ይዘው ተከተሉ። ከእርሳቸው ኋላ ደግሞ አቶ በላቸው ገቡ። አቶ በላቸው ዕድሜያቸውን በባቡር ፍተሻ የጨረሱ የኬላ ኃላፊ ናቸው፤ እናቴ ስማቸው ሲነሳ ትቆጣ ነበር። በመጨረሻ ጠመንጃ ያነገተ አንድ ረጅም ጥቁር ወጣት በሩ ላይ ቆመ። የክፍሉ ቅዝቃዜ ሳያስደስተው አልቀረም፣ ዓይኑን ጨፍኖ አየር ሲስብ አየሁት።

የመጡት ማሽኑ ከቀረጥ ነፃ ስለገባ በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው መኖሩን ለማረጋገጥ ነው።

"ጓዲት፣" አሉኝ ጓድ ሽመልስ፣ "ማሽኑ ራሱ ይናገር ይባላል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እንግዲያው ስንት ፕሮሰሰር እንዳለው ጠይቂው።"

የተቀመጥኩበት ስክሪን ለሽማግሌው ፕሮግራም ያዘጋጀሁት መሆኑን እንኳ አላሰብኩም። ጠየቅሁት።

"አንድ ይላል፣" አልኩ።

"ወረቀቱ ሁለት ይላል።"

"አዎ፣ ሁለት ነው።"

"ታዲያ ሁለተኛው የታለ?"

አቶ በላቸው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ፊታቸው ባቡር ላይ የተደበቀ ሽቶ የሸተታቸው ቀን የሚመስል ፊት ሆነ። "አሸዋ ወጥቷላ!" አሉ። አሸዋ የኮንትሮባንድ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያችን ነው። "መለያ ቁጥሩንስ ጠይቂው እስቲ!"

ጠየቅሁት። የሟቹን ማሽን ቁጥር ቁልጭ አድርጎ ሰጠ።

"ይኸው! ቁጥሩም ሌላ ነው! ጠቅላላ ማሽኑን ለውጠውታል!"

አቶ ዳንኤል ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሲደነግጡ እውነቱን ከመጥፎ ጫፉ ይጀምሩታል። "ጓዶች፣" አሉ እየተንተባተቡ፣ "ይህ እኮ እውነተኛው ማሽን አይደለም። አስመሳይ ነው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያ ዘመን እንዴት እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። አሻጥር የሚባለው ቃል ሰው ይበላ ነበር። የመንግሥት ንብረት ሸጠሃል የተባለ ሰው ወዴት እንደሄደ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ላያውቅ ይችላል። እናቴ ታየችኝ። ወዲያው ሳቄ መጣ።

"ምን ያስቅሻል?" አሉ አቶ በላቸው።

"ፈርቼ ነው፣ ጌታዬ። ችግሩ ቀላል ነው፣ አሁኑኑ ላሳያችሁ። ይህ ስክሪን አንድ የሚለው አንድ በል ስላልኩት ነው። ሁለት በል ካልኩት ሁለት ይላል።" እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ይህ ታሪክ አይጻፍም ነበር። ግን ሳቁ እጄ ላይ ወረደ። "እንዲያውም ብፈልግ አራት አደርገዋለሁ!" ብዬ አራት ጻፍኩ።

ስክሪኑ አራት ፕሮሰሰር ደረደረ፤ ከዜሮ እስከ ሦስት፣ በሰልፍ።

በኩራት ዞር ስል የአቶ በላቸው ፊት በርቷል። እንዲህ የተደሰተ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

"ወረቀቱ ሁለት ይላል፣" አሉ ቀስ ብለው። "ማሽኑ አራት ይላል። ትርፍ ሁለት። ቀረጥ የተከፈለበትን ደረሰኝ አምጪ።"

"የሉም እኮ!"

"ደረሰኙ የለም?"

"ፕሮሰሰሮቹ የሉም!"

"በዓይናችን እያየናቸው?" አሉ ጓድ ሽመልስ።

አቶ በላቸው ከቦርሳቸው ሲባጎና የእርሳስ ማኅተም አወጡ። ኪቦርዱን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ሲባጎውን በጠረጴዛው ዙሪያ አዙረው፣ በመቆንጠጫቸው ጨምቀው አተሙት። ስክሪኑን ግን ዕቃው እንዲታይ ክፍት ተዉት። "ትርፍ ሁለቱ ተወርሰዋል፣" አሉና በሩ ላይ ወደቆመው ወጣት ፈታሽ ዞሩ። "እስማኤል! እነዚህ አራት እንደሆኑ ጠብቅልኝ። አንድ ቢጎድል አንተንም እሷንም ነው የምጠይቀው። የተወረሰ ዕቃ ማጥፋት ከመሸጥም ይብሳል።"

ከዚያ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ድሬ ምሳ ሲባል ምሳ ብቻ አይደለም፣ ከምሳ በኋላ በርጫ አለ። ጫቱ ተይዞ፣ ትራሱ ተደግፎ፣ ፀሐይ እስክትበርድ የሚቀመጡበት ሰዓት ነው። አቶ በላቸው እንግዳውን "ድሬን ሳያዩማ አይሄዱም" ብለው ይዘዋቸው ወጡ። አቶ ዳንኤልም የራስ ምታት ብለው ተከተሏቸው። እኔና እስማኤል ከአራቱ ፕሮሰሰሮች ጋር ቀረን።

እስማኤል አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግቶ ቆመ።

"እህቴ፣ የተወረሱት የትኞቹ ናቸው?"

"የታችኞቹ ሁለቱ።"

"የታሉ?"

"የሉም።"

"አቦ ተይኝ እንጂ! ወላሂ፣ ሰው የሌለ ነገር ይጠብቃል እንዴ?"

"ታዝዘሃላ።"

ትንሽ አሰበ። "የሌለ ከሆነ ማን ይሰርቀዋል? ቀላል ሥራ ነው፣" አለና ከጠመንጃው ጋር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ጥርሱ ላይ ትንሽ ክፍተት ነበረው፤ ለምን እንዳየሁት ራሴን አልጠየቅሁም። ስለ አዴ ፋጡማ ቧንቧ ነገርኩት። "እኛም ግቢ እንዲሁ ነው፣ የኛዋ ግን ትጮሃለች፣" አለ።

እንዲህ ስንሳሳቅ መብራት ብልጭ አለና ጠፋ።

ማሽኑ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ ዝም አለ። ስክሪኖቹ ጠቆሩ። ድሬ የኖረ ሰው መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም፤ እኔ ግን የሚመጣውን አወቅሁት። የኮምፒውተሩ ኃይል ከተቋረጠ አስመሳዩ እንደ አዲስ ይጀምራል። እንደ አዲስ ሲጀምር ያ የታተመው ስክሪን ወደ ልማዱ ይመለሳል። ልማዱ ደግሞ አንድ ነው።

መብራቱ ቶሎ መጣ። ማሽኑን ከዋናው መቆጣጠሪያ ማስነሳት ግዴታዬ ነበርና አስነሳሁት። ማሽኑ ሲነሳ ብቻ፣ አስመሳዩ ከመጫኑ በፊት፣ እውነተኛ ማንነቱን በማተሚያው ላይ ይጽፋል። ጻፈም፦ ሁለት ፕሮሰሰር፣ ከነትክክለኛው ቁጥር። ወረቀቱን ቀድጄ ያዝኩት። እፎይ ልል ስል ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ።

"ያ ረቢ! ሦስቱ ጠፉ! በኔ ጊዜ ጠፉ!"

የታተመው ስክሪን ላይ አንዷ ፕሮሰሰር ብቻዋን ቆማለች።

"እስማኤል፣ ረጋ በል፣ እውነተኛው ይኸው እጄ ላይ ነው፣ ሁለት ይላል።"

"ጠዋት አንድ አላችሁ፣ ቀጥሎ አራት፣ አሁን ይሄ አንድ፣ ያ ሁለት። እኔ ባቡር ላይ ስፈትሽ እንዲህ ቁጥር የሚለዋውጥ መንገደኛ አምናለሁ?" ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ማኅተሙን ነካ፣ ደህና ነው። "ማኅተሙ ሳይፈታ ነው የወጡት። ይሄ የባሰ ነው። እኔ ነኝ የምታሰረው።"

"እኔም ነኝ።"

"እንግዲያው አብረን ነን፣" አለ በጣም አዝኖ። እኔ በዚያ ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ሞት የሚያህል ፍርሃት ተሰማኝ፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ እንደ ሶዳ የሚፈላ ደስታ። አብረን ነን ማለቱን ወደድኩት።

የሚያደርገው ሲጠፋው ስለ ሥራው ማውራት ጀመረ። "አቶ በላቸው መጥፎ ሰው አይደሉም። ባቡር ላይ ስንወጣ ‘ምንድነው’ ብለው አይጠይቁም። ‘የማነው’ ነው የሚሉት። ባለቤቱ ከታወቀ በኋላ ነው ዕቃው ዕቃ የሚሆነው። አንድ ቀን ሴቶቹ አንድ ጥቅል ሻሽ ለፉርጎው ሁሉ አከፋፍለውት ደረስን። አንዱ አንገቱ ላይ፣ አንዷ ራሷ ላይ። በመጨረሻ ወንበር ላይ አንድ ኮሎኔል ተቀምጠዋል፤ ሻሽ ጠምጥመዋል! ምን እንበል? ሰላምታ ሰጥተን ወረድን።"

ተነስቼ ቆምኩ። ይህን የማከፋፈል ዘዴ አውቀዋለሁ፣ እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው። "ይህቺን ሻሽ እስከ ኬላው እሰሪልኝ፣ የኔ እህት" ብላ ስንቱን መንገደኛ አስለብሳለች። መንገደኛው ከለበሰው በኋላ የራሱ ነው፣ ይከራከርለታል።

"እስማኤል፣" አልኩት፣ "ሲመለሱ ፕሮሰሰር ልናለብሳቸው ነው።"

ፀሐይዋ ስትበርድ ተመለሱ። ጓድ ሽመልስ ጠዋት ዱላ የዋጡ ይመስሉ ነበር፤ አሁን ዓይናቸው ያበራል፣ ከንፈራቸው አረንጓዴ ነክቶታል፣ ወሬያቸው አያቋርጥም። መርቅነዋል። ስለ ድሬ ዛፎች፣ ስለ ሶሻሊዝም፣ ስለ ልጅነታቸው በአንድ ትንፋሽ እያወሩ ገቡ። የታተመውን ስክሪን ከማየታቸው በፊት ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

"ጓድ ሽመልስ፣ ለእንግድነትዎ ክብር አንድ ማሽን በስምዎ ከፍቼልዎታለሁ።"

በክፍሉ ሌላ ጫፍ ያሉ ሦስት ስክሪኖች አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸውን አንዱ ፊት አስቀመጥኳቸው። ስክሪኑ ላይ ስማቸው ተጽፏል፣ ከሥሩም ስምንት ፕሮሰሰር ተደርድሯል።

"ይህ ሁሉ የእኔ ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

እንደ ሕፃን ሳቁ። "ጓድ በላቸው፣ ይምጡ ይዩ፣ ስምንት አለኝ!"

አቶ በላቸውም በስማቸው ተቀመጡ። ሁለት ነበር የሰጠኋቸው። ስክሪኑን አዩ፣ የጓድ ሽመልስን ስክሪን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለእኔ ግን..." አሉ።

"ይጨመርልዎት?"

"እንደው ከተቻለ።"

ስድስት አደረግሁላቸው። ከጓዱ እኩል ማድረግ ደግሞ ነውር እንዳይሆን ብዬ ነው። አቶ ዳንኤል ሦስት ደረሳቸው፤ መለያ ቁጥራቸውን የልደት ዓመታቸው አድርጌላቸው በጣም ተደሰቱ። ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ። እስማኤል በሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሁሉም እንደለበሱ ሳይ ዝቅ ብዬ ጠየቅሁ፦ "አቶ በላቸው፣ አሁን በስማችሁ አሥራ ሰባት ፕሮሰሰር አለ። ወረቀቱ ሁለት ነው የሚለው። ትርፉን በማን ስም እንውረሰው?"

ሳቁ ቆመ። አቶ በላቸው ጓድ ሽመልስን አዩ። ጓድ ሽመልስ ስማቸው የተጻፈበትን ስክሪን አዩ። ቀልዴ አልቋል፣ ከዚህ በኋላ ወይ እስር ቤት ነው ወይ ቤቴ። እንዳልስቅ ምላሴን ነከስኩ።

ጓድ ሽመልስ ከስክሪናቸው ቀና አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። "ጓድ በላቸው፣" አሉ፣ "ነገሩ ገብቶኛል። ይህ እኮ ግልጽ ነው። የማምረቻ መሣሪያው አንድ ነው፣ የጋራ ነው። ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው ይታደላል። እኔ ስምንት የማየው ድርሻዬን እንጂ ብረቱን አይደለም። ብረቱ የሁላችንም ነው። ይህ ማሽን ከእኛ በፊት ኅብረተሰባዊነት ላይ ደርሷል!"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሠለጠንኩበት አገር ያሉ አስተማሪዎቼ እንዲህ አድርገው አላስረዱኝም።

"ብረቱስ ስንት ነው?" አሉ አቶ በላቸው በደከመ ድምፅ። የማተሚያውን ወረቀት ሰጠኋቸው። ሁለት። ቁጥሩን ከወረቀታቸው ጋር በጣታቸው እየተከተሉ አመሳከሩ፤ ልክ ነው። መቆንጠጫቸውን አውጥተው ማኅተሙን ቆረጡ። ጨርቁን ሲገፉ ስክሪኑ አንድ እንደሚል አዩ። እኔን አዩኝ። እስማኤልን አዩት። ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፣ ምን እንዳለበስኳቸው በዚያች ሰዓት የገባቸው ይመስለኛል።

"የሐሊማ ልጅ አይደለሽም አንቺ?" አሉ።

"ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ታስታውቂያለሽ፣" አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ጓድ ሽመልስ ስማቸው ያለበት ስክሪን ሳይዘጋ እንዲያድር አደራ ብለውኝ ተከተሉ። አቶ ዳንኤል ወንበር ላይ ወድቀው "ውኃ" አሉ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ፊናንስ የማትፈሪበት ሥራ ያዢ ብዬ..." ትልና እንደገና ትስቃለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን ምን አተረፍሽ ብትሉኝ አንደኛው ይህ ነው፦ እውነት ብቻውን በበሩ ፊት ለፊት ሲሄድ ሁልጊዜ አያልፍም። እኔ የያዝኩት እውነት ነበር፤ ግን በኮንትሮባንድ መንገድ ነው ያሳለፍኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ማሽን አስተማርኩ፣ ብዙ ተማሪ አሳለፍኩ። አንድ ሰው ያልገባውን ነገር ሲቃወመኝ አልከራከረውም፤ በስሙ ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ይለብሰዋል፣ ከዚያ ይከራከርልኛል። በሳቄም ማፈር አቆምኩ። ያ ሳቅ ባይኖር አራት አልጽፍም ነበር፣ አራት ባልጽፍ ደግሞ ሁለተኛውን ትርፌን አላገኘውም።

ሁለተኛው ትርፌ ይኸው። ያን ቀን ሁሉም ሄደው ክፍሉን ልዘጋ ስል እስማኤል ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

"አትሄድም እንዴ? አለቃህ ሄዱ እኮ።"

"ማኅተሙን ቆረጡ እንጂ ጥበቃውን አላነሱም፣" አለ። "‘ጠብቅልኝ’ ነው ያሉኝ። ‘ተው’ አላሉኝም።"

"ምኑን ነው የምትጠብቀው?"

"የሌሉትን ሁለቱን።"

በማግስቱም ከሥራ መልስ መጣ። በሳምንቱም መጣ። ቀጥሎ ሽማግሌ ይዞ ገንደ ቆሬ መጣ። እናቴ ፊናንስ ቤቷ ሲገባ የመጀመሪያዋ ስለሆነ፣ በልማድ ተነስታ ሻሾቿን አልጋ ሥር ደበቀች።

አሁን ሁለታችንም ጸጉራችን ነጭ ነው፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምንኖረው። አቶ በላቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንዳንዴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን "እስማኤል፣ ዕቃው ደህና ነው?" እለዋለሁ።

ወደ እኔ ዞሮ ከላይ እስከ ታች ያየኛል። "አንድም አልጎደለ፣" ይላል። "ተው የሚለኝ ሰው ደግሞ እስካሁን አልመጣም።"